ሰባት ቤት ቆጥረን 247 ሰው ረሳን

የልጅ የቤት ሥራ ዞሮ ዞሮ ወላጅ ላይ እንደሚወድቅ የማያውቅ ከመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። እኛ ቤት ግን ባለፈው ወር የአንድ መስመር የቤት ሥራ ሦስት ቀን ፈጀብን። የዚህ ወር ወጋችንም ስለዚያች አንድ መስመር ነው።

ልጄ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የእንግሊዝኛ መምህሯ በሰጠቻት ወረቀት ላይ ሁለት ያላለቁ ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ። አንደኛው «አይ ካም ፍሮም…» ይላል። ሁለተኛው «አይ አም ዲሴንደድ ፍሮም…» ይላል። ትእዛዙ ባዶውን ቦታ ሙሉ ነው። የመጀመሪያውን ማንንም ሳትጠይቅ «አዲስ አበባ» ብላ ሞላችው። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ እርሳሷን እያኘከች ወደ ማድ ቤት መጣች።

«እማዬ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ?»

የማርኬቲንግ ኦፊሰር ነኝ። ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ኢሜይል ስጽፍና ስመልስ ነው የምውለው። «አንድ ናቸው፣ ጻፊና ጨርሺ» ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ መልሼ ዘጋሁት። አንድ አይደሉም።

«መጣ» እና «ወረደ»

«ካም ፍሮም» ሆደ ሰፊ ነው። የተወለዱበት ከተማ፣ ያደጉበት ሰፈር፣ አሁን ወጥተው የመጡበት ቢሮ፣ ቡናው የተለቀመበት ወረዳ፣ ሁሉም ይገባበታል። «ዲሴንድ ፍሮም» ግን ጠንቃቃ ነው። ዲሴንድ የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን መውረድ ማለት ነው፤ ከደረጃ መውረድ፣ ከተራራ መውረድ። «ፍሮም» የምትባለው ትንሽ ቃል ስትከተለውና ነገሩ ስለ ሰው ሲሆን፣ ከቅድመ አያት ጀምሮ ወደ ልጅ ልጅ የሚወርደውን ትውልድ ያመለክታል። አማርኛችንም ይህንኑ ሥዕል ያውቀዋል። «ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ» የምንለው ከዚያው ነው።

ልጆቻችሁን ለማስጠናት የሚረዱ ጥቂት ነጥቦች ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ስለ ሰው ሲነገር «አይ ዲሴንድ ፍሮም» ማለት ስሕተት ባይሆንም፣ በብዛት የሚሰማው «አይ አም ዲሴንደድ ፍሮም» ነው። ሁለተኛ፣ ለእናትና ለአባት አንጠቀምበትም። «ከአባቴ ዲሴንደድ ነኝ» የሚል ሰው ቢገኝ ሰሚው ፈገግ ይላል፤ ቃሉ የሚያምርበት ከአያት በላይ ራቅ ብሎ ላለ ሰው ነው። ሦስተኛ፣ ልጅ አባቷን ወይም አክስቷን መሰለች ለማለት ሌላ ቃል አለ፤ «ቴክ አፍተር» ይባላል። መምሰልና መወለድ ለየብቻ ናቸው።

አራተኛውን ልጄ በጣም ወዳዋለች። «ፍሮም»ን አውጥታችሁ «ኦን» ብትተኩ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። «ዲሴንድ ኦን» ማለት ሳይጠሩ በብዛት መጥቶ ቤት መሙላት ነው። ፋሲካ ሲደርስ በአባትም በእናትም በኩል ያለው ዘመድ እኛ ሳሎን ውስጥ የሚያደርገው ማለት ነው።

አምስተኛው እኛን አማርኛ ተናጋሪዎችን የሚያስተን ነው። እኛ «ተወላጅ» የሚል ቃል አለን። «የዋጃ ተወላጅ ነኝ» እላለሁ። ቃሉ ውስጥ «መወለድ» ስላለ ብቻ «ዲሴንደድ ፍሮም ዋጃ» ብዬ ብተረጉመው ያስኬዳል? አያስኬድም። ለቦታ «ካም ፍሮም» ነው። «ዲሴንደድ ፍሮም» ሲባል ከኋላው የሚጠበቀው ሰው፣ ቤተሰብ ወይም ወገን ነው። በዚህ ሚዛን እኔ የዋጃ ተወላጅ ነኝ። ልጄ ግን እዚሁ አዲስ አበባ ተወልዳ ስላደገች የዋጃ ተወላጅ አይደለችም፤ ከዋጃ ሰዎች ግን ትወለዳለች። አንዷ ቃል ታሳየናለች፣ ሌላዋ ትደብቀናለች።

ይህን ሁሉ አስረድቼ ስጨርስ ልጄ ራሷን ነቀነቀችና፣ «እሺ፣ ታዲያ ከማን ነው የምወለደው?» አለች። የቅድመ አያቴን ስም ጠራሁ። ከዚያ በላይ ዝም አልኩ። ከአራት ስም በላይ አላውቅም ነበር።

ስልክ ወደ ዋጃ

ዋጃ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ወደ 600 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት፣ ደሴንና ወልዲያን አልፈው ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ራያ ሜዳ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። የእናቴ እናት አሁንም እዚያው ናቸው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ሰላምታው ካለቀ በኋላ ጉዳዬን ነገርኳቸው።

«ትውልድ እንድትቆጥሩልኝ ነው፣ እምዬ። ሰባት ቤት።»

«በማን በኩል?» አሉ።

«እንዴት በማን በኩል?»

«በአባትሽ ነው በእናትሽ? በአባትሽ ከሆነ በአባቱ ነው በእናቱ? ልጄ፣ ሰው በአንድ እግሩ ይቆማል እንዴ?»

አያቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ትውልድ ግን ቆጠሩ። የጠሯቸውን ስሞች እዚህ አልደረድራቸውም፤ የቤታችን ናቸው። ግን እንዲህ እያሉ ነበር የሚያልፉት፦ ይህኛው ከላይ ከደጋው የወረደ ነው፣ ይህችኛዋ ትግርኛ ነበር የምትናገረው፣ የእርሷ እናት ከእነዚያ ከተራሮቹ ማዶ ከአፋር በኩል የመጣች ናት፣ ያ ደግሞ አባቱ በኦሮምኛ ነበር የሚመርቀው። ለእርሳቸው ይህ የገበያ ቀን ወሬ ያህል ነው። ስልኩ ወዲህ ማዶ ያለሁት እኔ ግን ብዕሬን ይዤ ደንግጫለሁ።

ራያ ሜዳን ክረምት ላይ ያየ ሰው ነገሩ አይገርመው ይሆናል። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ሜዳው ላይ ሲደርስ ይበተናል፤ ገበሬው በቦይ እየጠለፈ ማሽላውን ያጠጣበታል። ማሽላው ሲያፈራ ውሃው ከየትኛው ሸለቆ እንደወረደ የሚጠይቅ የለም።

የጎደሉት ሰዎች

ማታ ላይ ልጄ ሙሉ ስሟን ወረቀቱ አናት ላይ ጻፈች፤ የእርሷ፣ የአባቷ፣ የአያቷ። ትንሽ አየችውና፣ «አንቺ የት አለሽ?» አለችኝ።

የትም የለሁም። በአጠራራችን የቤተሰብ ስም ስለሌለን፣ ሴትም ስታገባ ስሟን ስለማትቀይር፣ ብዙ ጊዜ በዚህ እንኮራለን፤ መኩራታችንም ልክ ነው። ግን ከልጆቻችን ስም ኋላ የሚሰለፉት ወንዶች ብቻ ናቸው። ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለትምህርት ቤት ፎርም የምንሞላው ያንኑ አንድ መስመር ነው። ብዙዎቻችን «ሰባት ቤት እቆጥራለሁ» ስንልም በዚያችው መስመር ሰባት አባት መቁጠራችን ነው።

ያኔ ልጄን ሒሳብ አሠራኋት። ስንት ወላጅ አለሽ? ሁለት። ስንት አያት? አራት። ቅድመ አያት? ስምንት። ቀጥለን እጥፍ እጥፍ ስናደርግ 16፣ 32፣ 64፣ ሰባተኛው ቤት ላይ 128 ሆነ። ሁሉም ሲደመር 254 ሰው ነው። ዘመድ ከዘመድ ተጋብቶ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ቢገኝ ቁጥሩ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ሰባት ወንዶች ቆጥረን «ዘሬን አውቃለሁ» ስንል 247 ሰው ቀርቷል ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ 127ቱ ሴቶች ናቸው። የአያቴ «በማን በኩል?» የሚለው ጥያቄ ያኔ ነው የገባኝ።

አያቴ ይህን ከየት አወቁት? ጥበብ ሆኖባቸው ብቻ አይደለም፤ ያስፈልጋቸው ስለነበረ ነው። በክርስቲያኑ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ አይታሰብም ነበር፤ ሲቆጠርም በሁለቱም ወገን ነው። በእናት በኩል የሚገናኝ ዘመድ ያው ዘመድ ነው። ዛሬ የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የሚከለክለው የሥጋ ዝምድና ከዚህ በጣም የጠበበ ነው፦ ወላጅና ተወላጅ፣ እኅትና ወንድም፣ ከአክስትና ከአጎት ጋር የሚደረግ ጋብቻ። ልማዱ ግን ከሕጉ ሰፍቶ ቀጥሏል።

ሌላው ምክንያት መሬት ነው። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በሰፊው በነበረው የርስት ሥርዓት፣ አንድ ሰው የመሬት ድርሻ የሚጠይቀው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን ቆጥሮ ሲያስረዳ ነበር። በአባቱም በእናቱም በኩል መቁጠር ይችላል፤ ሴትም መጠየቅ ትችላለች። አያቴ ደጋ ያሉት ወገኖቻቸው ሲሟገቱ እየሰሙ ነው ያደጉት። ያኔ አንዲት ሴት አያትን መርሳት አንድ ማሳ ማጣት ነበር። «ዲሴንድ ፍሮም» ያን ጊዜ የሰዋስው ጉዳይ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

1967 የሚባል ዓመት

ስለዚህ ቃል ሳነብ አንድ ነገር አስገረመኝ። በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ የዘር ሐረግን የሚነኩ ሦስት ታላላቅ ነገሮች ሆነዋል።

በ1923 እና በ1948 የወጡት ሕገ መንግሥቶች ዙፋኑ ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ ማለትም ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ፣ ሳይቋረጥ ለወረደው ዘር የተሰጠ መሆኑን ደንግገው ነበር። አንድ መስመር ብቻ፣ ያውም በሕግ የታተመ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወረዱ፤ ያም መስመር የሥልጣን ምንጭ መሆኑ አከተመ።

ከሁለት ወር ከምናምን በኋላ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967፣ አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለ ቦታ ድንቅነሽ ተገኘች፤ ዓለም ሉሲ የሚላት፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው። እኛ የማስታወቂያ ሰዎች ሀገራችንን ከ«13 ወር ፀጋ» ወደ «ምድረ ቀደምት» ያሸጋገረችውን መፈክር ስናይ የምናስበው የእርሷን ዓይነት ቅሪተ አካል ነው። ግን እዚህም ላይ ቃሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ሁላችንም ከሉሲ ዲሴንደድ ነን» ማለት አይቻልም። እርሷ ራሷ ልጅ ትውለድ አትውለድ ማን ያውቃል? ብዙ ተመራማሪዎች የሚሉት የእርሷ ዝርያ ለሰው ዘር ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ሊሆን ይችላል ነው። በግዕዝና በአማርኛ መካከልም ተመሳሳይ ስሕተት እንሠራለን። «አማርኛ ከግዕዝ ተወለደ» እንላለን፤ አብዛኞቹ የቋንቋ ምሁራን ግን ሁለቱን እንደ እናትና ልጅ ሳይሆን ከአንድ ቤተሰብ እንደተገኙ ዘመዳሞች ነው የሚያዩአቸው። ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ ግን ከላቲን «ዲሴንደድ» ናቸው፤ በቀጥታ ወርደዋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ደግሞ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና የርስት ሥርዓት ቀረ። መሬት ለመጠየቅ ቅድመ አያት መቁጠር ማስፈለጉ አበቃ። ለብዙ ጭሰኛና ድሃ ገበሬ እፎይታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ቆጠራውን ለልጅ የማስተማሩ ጉጉትም አብሮ እየሳሳ የመጣ ይመስለኛል። እናቴ ከአያቴ ግማሹን ያህል ታውቃለች። እኔ ከእናቴ ግማሹን።

የዋሸሁበት ቀን

አሁን ለመናገር የሚከብደኝን ልንገራችሁ።

በ2014 አንድ ሰርግ ላይ ነው። ጠረጴዛችን ላይ የተቀመጡ የማላውቃቸው ሰው በጨዋታ መሐል «ከየት ነሽ፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ። በዚያ ዘመን በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ለወራት ስልክ ተቋርጦብኝ የአያቴን ድምፅ ሳልሰማ የቆየሁበት ጊዜ ነበር። «ከየት ነሽ?» የሚለው ጥያቄ ለብዙዎቻችን እንደ ኬላ ሆኖብን ነበር። መልስ ከመስጠቴ በፊት ጠያቂው ማን እንደሆኑ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሉ አሰላሁ። «አዲስ አበባ» አልኩ።

ያን ጊዜ ገና ሕፃን የነበረችው ልጄ ኬኳን አስቀምጣ ቀና አለች። «እማዬ፣ የዋጃ አይደለሽም እንዴ?»

በጠረጴዛው ስር እግሯን ነካ አደረግኳት። ሰውየው ምንም አላሉም፤ ምናልባት የጠየቁኝ ለወሬ ማሟሻ ብቻ ነበር። ልጄ ግን የዚያን ቀን አንድ ነገር ተማረች፦ «ዋጃ» ጮክ ተብሎ የማይነገር ስም መሆኑን። የቤት ሥራዋ ላይ «አዲስ አበባ» ብላ ማንንም ሳትጠይቅ የሞላችው ስለተወለደችበት ብቻ ይሁን፣ ወይስ እኔ ስላስተማርኳት? እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ፤ ስልኩም ተከፈተ። የእኔ አፍ ግን ወዲያው አልተከፈተም። ያ ጥያቄ የሚያስፈራው አንድ መስመር ብቻ እንዲመለስለት ሲጠብቅ ነው፤ ወይ ከእነዚህ ወይ ከእነዚያ በይ ሲል። አያቴ በስልክ ሲቆጥሩ የሰማሁት ግን እንደዚያ ዓይነት መልስ ጭራሽ እንደሌለኝ ነው። አንዲት ሴት ውስጥ ከተራራው የወረደም፣ ከተራራው ማዶ የመጣም፣ ሜዳው ላይ ሲጠብቅ የኖረም አለ። የባለቤቴ ወገን ደግሞ ከደብረ ብርሃን አካባቢ ነው፤ የእርሱ እናት በእርሷ በኩል ሌላ ዝርዝር አላት። ልጄ ሁሉንም ናት።

እናንተስ?

የሚቀጥለው በዓል ላይ ዘመድ እናንተ ቤት «ዲሴንድ ኦን» ሲያደርግ፣ ይህን ብትሞክሩ ደስ ይለኛል።

ትልቅ ወረቀት አንጥፉ። የልጁን ስም ከሥር ጻፉና ወደ ላይ በሁለት በሁለት ቅርንጫፍ አውጡ፤ ግራው ለእናት፣ ቀኙ ለአባት። አንዱ ጎን ሞልቶ ሌላው ባዶ ሲሆን ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ። አያቶችን በስልክ ድምፃቸውን ቅዱ፤ አስፈቅዳችሁ። «ሰባት ቤት ቁጠሩልኝ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ይደክማቸዋል። «እናትዎ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ? የእርሳቸውስ እናት ከየት መጡ?» ብላችሁ ጀምሩ። ስሙ ራሱ ይመጣል። የማይታወቅ ሲሆን ባዶውን ተዉት፤ በግምት አትሙሉት። ሊነገሩ የማይፈልጉ ታሪኮችም አሉ፤ አያት ዝም ካሉ ዝምታቸውን አክብሩ።

በተለይ ግን አትዘግዩ። አያቴ 80 ዓመት አልፏቸዋል። ያን ዕለት ማታ አንዲትን ቅድመ አያታቸውን ሲጠሩ ስሟ ጠፋባቸው። «ነገ ይመጣልኛል» አሉ። በማግስቱ ማለዳ ላይ ደውለው ነገሩኝ። ስለ ስሟ ደስ አለኝ፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቧት ማደራቸው ገባኝ። እኔ ለማስታወስ አንድም ሌሊት አጥቼ አላውቅም።

የቤት ሥራው በሦስተኛው ቀን አለቀ። የመጀመሪያውን መስመር ልጄ ሳትሰርዝ ተወችው። አዲስ አበባ ትክክል ነው። ከሥሩ ግን በራሷ ፍላጎት «ማይ ማዘር ካምስ ፍሮም ዋጃ» ብላ ጨመረች፤ «ካምስ» ላይ «ስ»ን እንዳትረሳ ነግሬያት አልነበረም። ሁለተኛው መስመር ቦታው ጠባብ ስለነበረ ወደ ወረቀቱ ጀርባ አለፈች። የጻፈችውን ወደ አማርኛ ልመልስላችሁ፦

«የምወለደው ከ254 ሰዎች ነው። እስካሁን የማውቃቸው 31ዱን ነው።»

መምህሯ ሁለት ጊዜ «ራይት» አድርጋበታለች። እኛ ደግሞ ለሰላሳ ሁለተኛው ቅዳሜ ማታ ወደ ዋጃ እንደውላለን።

እስከሚቀጥለው ወር ቸር እንሰንብት።